የኅዳር ሪፖርት ለምን ይጎድላል? በዳታቤዝ ውስጥ መረጃን በቀንና በሰዓት ማጣራት

በወር መጨረሻ ከኮምፒውተር የወጣው ሪፖርት በወረቀት መዝገብ ላይ ካለው ቆጠራ ጋር አልገጥም ሲል የመጋዘን ኃላፊው ሲስተሙን ይወቅሳል፤ የሲስተሙ ባለሙያ ደግሞ «ያልገባ መረጃ ከየት ይመጣል?» ብሎ መዝጋቢዎቹን ይጠረጥራል። ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱም ተሳስተዋል። መረጃው በትክክል ገብቷል፣ ሲስተሙም የተጠየቀውን ብቻ መልሷል፤ የተጣመመው ጥያቄው ነው። «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያለውን አውጣልኝ» የሚለው ንግግር ለሰው ጆሮ ምንም ብዥታ የለበትም፤ ለዳታቤዝ ግን ብዙ ነገር ሳይገለጽለት የቀረ ትእዛዝ ነው።

ድሬዳዋ ላይ ነገሩ ከሌላው አካባቢ ይልቅ ይወሳሰባል። ከተማዋ በ1902 እ.ኤ.አ. የባቡር ሐዲዱ በደረሰበት ቦታ ከተቆረቆረች ጀምሮ ኑሮዋ ከጅቡቲ መስመር ጋር የተሳሰረ ነው፤ ደረቅ ወደቡም ሆነ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጣና የዚሁ መስመር ሥራ ናቸው። ከወደብ የሚመጣው ሰነድ በጎርጎርዮሳዊው ቀንና በ24 ሰዓት አቆጣጠር የተጻፈ ሲሆን፣ እዚህ የሚቆረጠው ደረሰኝ ግን ቀኑ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር፣ ሰዓቱም ከጠዋቱ 12 ተነሥቶ የሚቆጠር ነው። ሁለቱ በአንድ መዝገብ ውስጥ ሲገናኙ፣ በሌላ አገር አንድ ቦታ ላይ የሚፈጠር ስህተት እዚህ በሦስትና በአራት ቦታ ሊፈጠር ይችላል።

ለማብራሪያው እንዲመቸን በከተማዋ አንድ የዕቃ መጋዘን አለ እንበል። ከጅቡቲ የሚመጡ የጭነት መኪኖች ቀንም ሌሊትም ይገባሉ፤ እያንዳንዱ መኪና በሩ ላይ ሲደርስ በኮምፒውተሩ አንድ መስመር ይመዘገብለታል።

መጠይቅ ምንድን ነው? ማጣሪያውስ?

ዳታቤዝ በኮምፒውተር ውስጥ በሥርዓት የተደራጀ መዝገብ ነው። መረጃው በሠንጠረዦች ይቀመጣል። ረድፍ የሚባለው አግድም መስመር አንድን ክስተት፣ ዓምድ የሚባለው ቁልቁል መስመር ደግሞ የዚያን ክስተት አንድ ገጽታ ይይዛል። የመጋዘናችን ሠንጠረዥ የታርጋ ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነት፣ «የገባበት» እና «የወጣበት» የሚባሉ ዓምዶች አሉት።

ከዚህ መዝገብ መረጃ የሚጠየቅበት ቋንቋ ኤስኪውኤል ይባላል። ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአይቢኤም ኩባንያ ውስጥ የነደፉት ሲሆን፣ በ1986 በአሜሪካ፣ በ1987 ደግሞ በዓለም አቀፍ ደረጃ ወጥ መለኪያ ወጥቶለታል። ፖስትግረስ፣ ማይኤስኪውኤል፣ ኦራክልና ኤስኪውኤል ሰርቨር የሚባሉት የዳታቤዝ ሶፍትዌሮች ሁሉ ይህንኑ ቋንቋ ይናገራሉ። በቀንና በሰዓት ጉዳይ ግን እያንዳንዱ የየራሱ ጠባይ አለው፤ አንዱ ላይ የሠራ መጠይቅ ሌላው ላይ ሌላ መልስ ሊሰጥ ይችላል።

መጠይቅ ማለት በዚህ ቋንቋ የተጻፈ ጥያቄ ነው። በውስጡ «ዌር» በሚለው ቃል የሚጀምረው ክፍል ማጣሪያው ነው፤ ዳታቤዙ ረድፎቹን እያነሣ ቅድመ ሁኔታውን ያሟላሉ ወይስ አያሟሉም ብሎ ይመረምርና ያሟሉትን ብቻ ያስቀራል። (ትእዛዞቹ በኮምፒውተር ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ የቀረቡት እንደ አነባበባቸው ነው።)

ዳታቤዙ «ቀን» ሲባል ምን ይረዳል?

የጉዳዩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው «ማክሰኞ» ሲል በውስጡ 24 ሰዓት ያለበትን ርዝመት ማለቱ ነው። ዳታቤዙ ውስጥ የተመዘገበው ግን አንዲት ቅጽበት ናት፤ መኪናው የገባው በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ደቂቃ፣ በዚህ ሰከንድ ነው ይላል። ርዝመት ያለውን ነገር እየጠየቅን ቅጽበት ከተመዘገበበት ዓምድ መልስ ስንጠብቅ፣ ርዝመቱ ከየት ተጀምሮ የት እንደሚያበቃ ራሳችን ካልነገርነው ዳታቤዙ በራሱ ደንብ ይገምታል።

ዓምዱ ሲፈጠር የሚመረጥለት የመረጃ ዓይነት አለ። «ዴት» ቀንን ብቻ ይይዛል። «ታይምስታምፕ» ወይም «ዴትታይም» ቀንና ሰዓትን አብሮ ይይዛል፤ አንዳንዱም እስከ ሰከንድ ሚሊዮንኛ ድረስ ይዘልቃል። ስሙ ግን ሁልጊዜ አይታመንም። ኦራክል ላይ «ዴት» የተባለው ዓምድ ሰዓትንም እስከ ሰከንድ ይይዛል፤ ኤስኪውላይት የሚባለውና በብዙ የስልክ መተግበሪያዎች ውስጥ ያለው ትንሽ ዳታቤዝ ደግሞ ለቀን የተለየ ዓይነት ስለሌለው በጽሑፍ ወይም በቁጥር ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ማጣሪያ ከመጻፍ በፊት የዓምዱን ዓይነት ማየት ይገባል።

የወሩ የመጨረሻ ቀን የት ይጠፋል?

የመጋዘኑ ኃላፊ የ2018 ዓ.ም. የኅዳር ወር ገቢ ዕቃ ሪፖርት ፈለገ እንበል። ኅዳር 1 ኖቬምበር 10 ቀን 2025፣ ኅዳር 30 ደግሞ ዲሴምበር 9 ቀን 2025 ነበር። በወሩ ማብቂያ አካባቢ የተመዘገቡት አምስት መኪኖች እነዚህ ናቸው፦

ሀ. 2025-12-09 01:40:12፣ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7:40
ለ. 2025-12-09 09:15:00፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ 3:15
ሐ. 2025-12-09 22:05:47፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 4:05
መ. 2025-12-09 23:59:59.620፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሰከንድ ያልሞላ ጊዜ ሲቀረው
ሠ. 2025-12-10 00:00:00፣ ታኅሣሥ 1

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጽፈው ማጣሪያ «ቢትዊን» የሚለውን ቃል የሚጠቀም ነው፦

ዌር የገባበት ቢትዊን '2025-11-10' ኤንድ '2025-12-09'

ሲነበብ ትክክል ይመስላል። «ቢትዊን» ሁለቱንም ጫፎች ስለሚያካትት ዲሴምበር 9ም የተካተተ ይመስላል። ነገር ግን '2025-12-09' ተብሎ ሰዓት ሳይጠቀስ የተጻፈ ቀን ሰዓት ካለው ዓምድ ጋር ሲነጻጸር ዳታቤዙ ሰዓቱን 00:00:00 አድርጎ ይሞላዋል፤ ይህም ዕለቱ የሚጀምርባት የእኩለ ሌሊት ቅጽበት ናት። በመሆኑም ማጣሪያው ኅዳር 30 እንደጀመረ ይዘጋል፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ እና መ አራቱም ከሪፖርቱ ውጭ ይቀራሉ። ኃላፊው በወረቀቱ ላይ የሚያያቸው፣ በስክሪኑ ላይ ግን የሚያጣቸው መኪኖች እነዚህ ናቸው።

ይህ ስህተት ለረጅም ጊዜ ሳይታይ የሚቆየው በወሩ ውስጥ ያሉት ሌሎች ቀናት ሁሉ ትክክል ስለሆኑ ነው። ከሠላሳ ቀን አንዱ ሲጎድል ድምሩ አጠራጣሪ አይመስልም። የአንድ ቀን ሪፖርት ሲጠየቅ ግን ጉዳዩ ይጋለጣል፤ «የገባበት = '2025-12-09'» ብሎ የጠየቀ ሰው ልክ በእኩለ ሌሊት የገባ መኪና ከሌለ በቀር ባዶ መልስ ያገኛል።

ስህተቱን ያስተዋለ ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ከሁለት መንገዶች በአንዱ ነው። የመጀመሪያው መጨረሻውን በአንድ ቀን ገፍቶ «ቢትዊን '2025-11-10' ኤንድ '2025-12-10'» ማለት ነው። አሁን የኅዳር 30 መኪኖች ሁሉ ይመጣሉ፤ ነገር ግን ሠ ም አብራ ትገባለች፣ በታኅሣሥ ሪፖርት ላይም ትደገማለች። ልክ በእኩለ ሌሊት የሚገባ መኪና ብርቅ ነውና ምን ችግር አለው የሚል ይኖራል። ችግሩ መዝጋቢው ሰዓቱን ትቶ ቀኑን ብቻ ያስገባ እንደሆነ ሰዓቱ 00:00:00 ሆኖ መቀመጡ ነው። በወረቀት ከተያዘ መዝገብ የተገለበጠ መረጃ ሁሉ እንዲህ ያለ ነው፤ ስለዚህ የታኅሣሥ 1 ገቢ በሙሉ በኅዳር ሪፖርት ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ መጨረሻውን '2025-12-09 23:59:59' ማድረግ ነው። ይህ ከመጀመሪያው ይሻላል፣ ግን መ ን ይጥላል፤ እሷ የገባችው ከዚያች ሰከንድ በኋላ፣ ቀጣዩ ቀን ከመጀመሩ በፊት ባለችው ክፍልፋይ ውስጥ ነውና። «እንግዲያው 23:59:59.999 እንበል» የሚልም አለ። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ «ዴትታይም» የሚባለው የቆየ የመረጃ ዓይነት ግን ሰከንድን የሚከፍለው ለ300 ስለሆነ ይህን ቁጥር ወደ ቀጣዩ ቀን 00:00:00 ያጠጋጋዋል፤ ሠ እንደገና ትመለሳለች። የቀኑን የመጨረሻ ቅጽበት አሳድዶ መያዝ ሥራው አያልቅም፤ ምን ያህል ደቃቅ ቁጥር እንደሚያስፈልግ የሚወሰነው ዓምዱ በሚይዘው የሰከንድ ክፍልፋይ ነው፣ እሱም ነገ ሊለወጥ ይችላል።

ታዲያ እንዴት ይጻፍ?

መጨረሻውን መፈለግ ትቶ የሚቀጥለውን ወር መጀመሪያ መጥቀስ ነው፦

ዌር የገባበት >= '2025-11-10' ኤንድ የገባበት < '2025-12-10'

መነሻው ይካተታል፣ መድረሻው አይካተትም። ሀ፣ ለ፣ ሐ እና መ ከታኅሣሥ 1 መባቻ በፊት ስለሆኑ ይገባሉ፤ ሠ ግን ልክ በድንበሩ ላይ ስለሆነች ወደ ታኅሣሥ ትሄዳለች። የሰከንዱ ክፍልፋይ ሦስት አኃዝ ይሁን ስድስት ለውጥ አያመጣም። የኅዳር ድንበር መዝጊያ የታኅሣሥ መክፈቻ ራሱ ስለሆነ በሁለቱ ወሮች መካከል የሚጠፋም የሚደገምም ረድፍ አይኖርም። ዓምዱ ቀን ብቻ የሚይዝ ቢሆን እንኳ ይህ አጻጻፍ ያው ትክክል ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት «ቢትዊን» የሚለውን ቃል ለቁጥርና ለዋጋ መተውና ሰዓት ባለው ዓምድ ላይ ጨርሶ አለመጠቀም ይሻላል።

ቀኑ ራሱ የሚጻፍበት ቅደም ተከተልም ቸል የሚባል አይደለም። 08/07/2025 ለእኛ ጁላይ 8 ነው፤ ለአሜሪካ አሠራር ለተዘጋጀ ሲስተም ግን ኦገስት 7 ነው፣ ዳታቤዙም ምንም የስህተት መልእክት ሳያሳይ ይቀበለዋል። ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል መጻፍ በ1988 የወጣው አይኤስኦ 8601 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የሚለው ነው። የቆየው የኤስኪውኤል ሰርቨር «ዴትታይም» በአንዳንድ የቋንቋ ቅንብሮች ይህንንም ስለሚያዛባ፣ እዚያ ላይ ሰረዙን አውጥቶ 20251210 ብሎ በአንድነት መጻፍ ይመረጣል።

የሌሊቱ መኪና የየትኛው ቀን ነው?

እስካሁን ሰዓቱ የኢትዮጵያ ሰዓት እንደሆነ አድርገን ነበር የተነጋገርነው። ዛሬ ግን ብዙ ሲስተሞች በኪራይ ሰርቨር ላይ፣ ከአገር ውጭ ስለሚቀመጡ ሰዓቱን የሚይዙት በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ማለትም በዩቲሲ ነው። ኢትዮጵያ ከዚህ ሰዓት በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። ጅቡቲም እንዲሁ ናት፤ ሁለቱም አገሮች በክረምትና በበጋ ሰዓት የማዞር ልማድ ስለሌላቸው ልዩነቱ ዓመቱን ሙሉ ያው ሦስት ሰዓት ነው።

መኪና ሀን እንመልከት። እኛ ዘንድ የገባችው ዲሴምበር 9 ከሌሊቱ 01:40 ነው፤ በዩቲሲ ግን ጊዜው ዲሴምበር 8 22:40 ነው። ሰርቨሩ በዩቲሲ ከመዘገበና ማጣሪያው ይህን ካላገናዘበ መኪናዋ የሰኞ ትሆናለች። ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት የገባ መኪና ሁሉ ዕጣው ይኸው ነው። ቀን ቀን ብቻ በሚሠራ መሥሪያ ቤት ይህ ስህተት ፈጽሞ ላይታይ ይችላል፤ ሌሊት ጭነት በሚራገፍበት መጋዘን ወይም ተረኛ በሆነ መድኃኒት ቤት ግን በየቀኑ ይታያል። ዩቲሲ በያዘ ዓምድ ላይ የኅዳር ማጣሪያ ድንበሮች በሦስት ሰዓት ወደኋላ መሳብ አለባቸው፦

ዌር የገባበት >= '2025-11-09 21:00' ኤንድ የገባበት < '2025-12-09 21:00'

ይህን በእጅ ከማስላት ሶፍትዌሩ እንዲሠራው ማድረግ ይቻላል። ፖስትግረስ ውስጥ «ታይምስታምፕ ዊዝ ታይም ዞን» የሚባለው ዓይነት ሁሉንም በዩቲሲ አስቀምጦ ለጠያቂው በራሱ የሰዓት ክልል ይተረጉምለታል፤ የሰዓት ክልሉ «አፍሪካ/አዲስ አበባ» ተብሎ ሲቀናበር ማጣሪያውም ውጤቱም በእኛ ሰዓት ይሆናል። ማይኤስኪውኤል ላይ «ታይምስታምፕ» የሚባለው ዓይነት እንዲሁ ይተረጉማል፤ «ዴትታይም» ግን የተሰጠውን እንዳለ ይዞ ይቀመጣል። የመጀመሪያው መያዝ የሚችለው እስከ ጃንዩዋሪ 19 ቀን 2038 ብቻ ስለሆነ፣ የረጅም ጊዜ ውል ወይም የብድር ማብቂያ ቀን ለመያዝ አይሆንም።

«የዛሬውን አውጣ» የሚል መጠይቅም በዚሁ ምክንያት ያስታል። ለዩቲሲ ሰርቨር ከሌሊቱ 9 ሰዓት በፊት «ዛሬ» ማለት የእኛ ትናንት ነው።

በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠርስ ማጣራት ይቻላል?

ታዋቂዎቹ ዳታቤዞች ቀንን የሚይዙት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። ከቀን ውስጥ ወሩን ነጥሎ የሚያወጣ «መንዝ» የተባለ ትእዛዝ አለ፤ በእሱ ወሩ 11 የሆነውን ብሎ ኅዳርን ለማግኘት የሚሞክር ሰው ግን ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። አንደኛ የሚያገኘው ከጥቅምት 22 እስከ ኅዳር 21 ያለውን የኖቬምበር ወር ነው፤ ሁለተኛ ዓመቱን ስላልጠቀሰ የሁሉንም ዓመታት ኖቬምበር በአንድነት ያወጣል።

ይህን ሽሽት አንዳንድ ሲስተሞች የኢትዮጵያን ቀን እንዳለ በ«ዴት» ዓምድ ውስጥ ያስገባሉ። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. 2018-03-05 ተብሎ ይገባል፤ ዳታቤዙም ማርች 5 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. መስሎት ይቀበላል። ጥቅምት 29ና 30 ላይ ግን መዝጋቢው ግራ ይጋባል፤ 2018-02-29 እና 2018-02-30 የፌብሩዋሪ ቀናት ተደርገው ስለሚታዩ፣ በዚያ ዓመት ደግሞ ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ ስለነበረው፣ ሲስተሙ አይቀበላቸውም። ጳጉሜ 13ኛ ወር በመሆኗ ጨርሶ መግቢያ የላትም። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሳይታይ የሚያልፈው ነው፦ ዕቃው መስከረም 30 ገብቶ ጥቅምት 1 ቢወጣ ዳታቤዙ ጃንዩዋሪን 31 ቀን አድርጎ ስለሚቆጥር የአንድ ቀን ቆይታው ሁለት ቀን ይሆናል። የመጋዘን ኪራይ በቀን በሚሰላበት ቦታ ይህ ገንዘብ ነው።

ተገቢው አሠራር በጎርጎርዮሳዊው መዝግቦ ድንበሩን በእኛ አቆጣጠር ማውጣት ነው። ለዚህ የሚያገለግለው የቀን መቁጠሪያ ሠንጠረዥ የሚባለው ነው። ለእያንዳንዱ ዕለት አንድ ረድፍ ይዘጋጃል፤ በውስጡም ጎርጎርዮሳዊው ቀን፣ የኢትዮጵያ ዓመት፣ ወርና ቀን፣ የበጀት ዓመቱም ይጻፋል። ለመቶ ዓመት 36,500 ያህል ረድፍ ይበቃል፤ ለዳታቤዝ ይህ ከምንም አይቆጠርም። መጠይቁ የኅዳርን መጀመሪያና የታኅሣሥን መጀመሪያ ከዚህ ሠንጠረዥ ያነሣና ቀደም ሲል ያየነውን ማጣሪያ ይጠቀማል።

ድንበሩን አንድ ጊዜ አስልቶ በየዓመቱ መጠቀም የማይቻለው በጳጉሜ ምክንያት ነው። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ 6 ትሆናለች፤ በማግስቱ የሚብተው መስከረም 1 ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ይገፋል፣ እስከ ፌብሩዋሪ ማብቂያ ያሉት ቀናትም አብረው በአንድ ቀን ይገፋሉ። በ2016 ዓ.ም. ኅዳር 1 ኖቬምበር 11 ላይ የዋለው ለዚህ ነው፤ በ2020 ዓ.ም. እንደገና እንዲሁ ይሆናል። የበጀት ዓመት ግን ከዚህ ነፃ ነው። ሐምሌ 1 በእኛ ክፍለ ዘመን ሁልጊዜ ጁላይ 8 ላይ ይውላል፤ የ2017 በጀት ዓመት ሪፖርት ከ'2024-07-08' ጀምሮ፣ ከ'2025-07-08' በፊት ተብሎ ይጻፋል፣ በሌሎቹም ዓመታት የሚለወጠው ዓመቱ ብቻ ነው።

ሰዓቱስ? መዝጋቢው ጠዋት 3:15ን 03:15 ብሎ ካስገባ ዳታቤዙ ሌሊት 9:15 አድርጎ ይይዘዋል። ሁሉም መዝጋቢዎች እንዲህ ቢያደርጉ የቀን ሰዓቶቹን ስድስት ሰዓት በመደመር ማስተካከል ይቻል ነበር፤ አንዱ በእኛ፣ ሌላው በውጭው አቆጣጠር ሲያስገቡ ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም፣ ማጣሪያም አያድነውም። ሰዓቱን ሰው ከሚጽፈው መኪናው ሲመዘገብ ሲስተሙ ራሱ እንዲሞላው ማድረግ ነው የሚሻለው።

ያልወጣው ዕቃ ለምን ከሪፖርቱ ይጠፋል?

«የወጣበት» የሚለው ዓምድ ዕቃው እስኪወጣ ድረስ ባዶ ነው። ይህ ባዶነት «ነል» ይባላል፤ ዜሮ ወይም የሩቅ ዘመን ቀን ሳይሆን «አይታወቅም» ማለት ነው። ያልታወቀን ነገር ከአንድ ቀን በፊት ነው ወይስ በኋላ ብሎ መጠየቅ መልሱ ራሱ «አይታወቅም» ይሆናል፤ ማጣሪያው ደግሞ የሚያስቀረው እውነት የሆነውን ብቻ ነው። ስለዚህ «ከታኅሣሥ 1 በፊት የወጣ» ሲባል ያልወጣው ዕቃ አይታይም፣ ይህስ ይሁን፤ «ታኅሣሥ 1 እና ከዚያ በኋላ የወጣ» ሲባልም አይታይም። ሁለቱን ሪፖርቶች የደመረ ሰው መጋዘኑ ውስጥ ተከምሮ ያለውን ዕቃ በሁለቱም ያጣዋል።

ኅዳር ሲያልቅ መጋዘን ውስጥ የነበረውን ዕቃ በሙሉ ለማግኘት ባዶውን በስም መጥራት ያስፈልጋል፦

ዌር የገባበት < '2025-12-10' ኤንድ (የወጣበት >= '2025-12-10' ኦር የወጣበት ኢዝ ነል)

ቅንፉ ከተረሳ «ኤንድ» ከ«ኦር» በፊት ስለሚሰላ፣ ከታኅሣሥ 1 ጀምሮ ገብተው እስካሁን ያልወጡ ዕቃዎችም ይቀላቀላሉ።

ትክክል የሆነ መጠይቅ ለምን ይዘገያል?

በሚገባ የተያዘ መዝገብ ቤት ፋይሎቹ በቀን ቅደም ተከተል ከተደረደሩ ሠራተኛው የኅዳርን ለማውጣት መደርደሪያው ጋ ሄዶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማንሣት ብቻ ይበቃዋል፤ «ወሩ ኅዳር የሆነውን ፋይል እያንዳንዱን ከፍተህ ፈልግ» ከተባለ ግን ቤቱን ሁሉ ሲገልጥ ይውላል። ዳታቤዝ ውስጥ ይህን ድርደራ የሚሠራው ኢንዴክስ ይባላል። ዓምዱ እንዳለ ከሁለት ድንበሮች ጋር ሲነጻጸር ኢንዴክሱ ያገለግላል፤ ዓምዱ እንደ «መንዝ» ወይም ሰዓቱን እንደሚቆርጥ ባለ ትእዛዝ ከተጠቀለለ ግን ሶፍትዌሩ ብዙውን ጊዜ ረድፎቹን ሁሉ ለማየት ይገደዳል። በሺህ ረድፍ ላይ ልዩነቱ አይታወቅም፣ በሚሊዮኖች ላይ ግን ሪፖርቱን የሚጠብቅ ሰው ያውቀዋል። ማስላት ያለብን ድንበሮቹን ነው፤ ዓምዱን አንነካውም።

መጠይቁ ትክክል መሆኑ በምን ይታወቃል?

ሁለት ፍተሻዎች አብዛኛውን ስህተት ያጋልጣሉ። አንደኛው በውጤቱ ውስጥ ያለውን የመጀመሪያና የመጨረሻ ረድፍ ሰዓት ማየት ነው። ቀንም ሌሊትም በሚሠራው መጋዘናችን የኅዳር ውጤት የመጨረሻው ረድፍ የኅዳር 29 ምሽት ከሆነ አንድ ቀን ጎድሏል፤ ኅዳር 30 ሆኖ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ፣ ማለትም 21:00 ላይ ተቆርጦ ከቆመ ደግሞ መጠይቁ የኢትዮጵያ ሰዓት በያዘ ዓምድ ላይ የዩቲሲ ድንበር ተጠቅሟል።

ሁለተኛው የየወሩን ረድፎች ቁጥር ደምሮ ከበጀት ዓመቱ ጠቅላላ ቁጥር ጋር ማስተያየት ነው። ድምሩ ከበለጠ ድንበር ላይ የተደገመ አለ፤ ካነሰ ያመለጠ አለ። ካነሰ መጀመሪያ መታየት ያለባት ጳጉሜ ናት፦ ዓመቱን በ12 ወር ከፍለው ሪፖርት የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶች ከነሐሴ ወይም ከመስከረም ጋር ደርበዋት እንደሆነ መጠይቁም እንደዚያው መጻፍ አለበት፤ አለዚያ የአምስት ወይም የስድስት ቀን መኪኖች ከየትኛውም ወር ሪፖርት ላይ አይገኙም።